ዋንጫው የመጣ ዕለት ለምን አለቀስን?

ለረጅም ዘመን ዋንጫ ያላየ ክለብ በመጨረሻ ሲያሸንፍ ካሜራው ቶሎ ብሎ የሚፈልገው የሚያለቅስ ሰው ነው፤ ደግሞም አያጣም። መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ኒውካስል ዩናይትድ በዌምብሌይ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ የካራባኦ ካፕን ሲያነሳ ያየነው ይህንኑ ነበር። ሽበት ያወጡ ሰዎች ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ይንሰቀሰቃሉ። ክለቡ በእንግሊዝ የውስጥ ውድድር ትልቅ ዋንጫ ካነሳ 70 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ1955 ያገኘው ኤፍ ኤ ካፕ ነው። ከዚያ ወዲህ በ1974፣ በ1976፣ በ1998፣ በ1999 እና በ2023 ለዋንጫ ደርሶ አምስቱንም ጊዜ ተሸንፏል። በ1996 ደግሞ ሊጉን በ12 ነጥብ ልዩነት ሲመራ ቆይቶ በማንችስተር ዩናይትድ ተቀድሟል። በዚያ ቀን የመጀመሪያዋን ጎል በግንባሩ የገጨው ዳን በርን እዚያው አካባቢ፣ ብላይዝ በምትባል ከተማ የተወለደ ነው። ልጅ ሳለ ይኸው ክለብ አሰናብቶት ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የወጣቶች ክፍላችን ወሬ ሁሉ ይኸው ሆነ። ከተማሪዎቼ አንዱ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ «ቲቸር፣ ካሸነፉ ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?» ብሎ ጠየቀኝ። የጠየቀው እየሳቀ ነው። እሱ ራሱ የክፍሉ ብቸኛ የቶተንሃም ደጋፊ ስለሆነ ጓደኞቹ «አንተማ ካላየኸው በምን ይገባሃል?» ብለው ሳቁበት። ቶተንሃም እስከዚያ ጊዜ የመጨረሻ ዋንጫውን ያነሳው እ.ኤ.አ. በ2008 ነበር፤ ልጁ በተወለደበት ዓመት ማለት ነው።

ሁለት ወር እንዳለፈ ተራው ደረሰው። ግንቦት 13 ቀን ቶተንሃም በስፔኗ ቢልባኦ ከተማ ማንችስተር ዩናይትድን በብሬናን ጆንሰን ብቸኛ ጎል አሸንፎ የዩሮፓ ሊግን ዋንጫ ወሰደ። በዚያ ዓመት በሊጉ 17ኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ነው፤ ከወራጆቹ በላይ ያለችው የመጨረሻዋ ደረጃ ማለት ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ ልጁ ይፎክራል ብለን ስንጠብቅ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ዋለ። ሁሉም ሲወጡ ወንበር ሊያነሳልኝ ቀረና፣ «ቲቸር፣ እኔም አለቀስኩ» አለኝ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምንም ያላደረግኩበት ነገር ነው። በጸሎት ሰዓት እንኳ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። አፈርኩ» አለ።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንዱ «ኳስ ከንቱ ነው፣ ተወው» የሚለው ነው። ሌላው «ምን ችግር አለው? ጨዋታ እኮ ነው» የሚለው ነው። ሁለቱም ልጁ ካለበት ቦታ አይደርሱም። ስለዚህ ወንበር ስበን ተቀመጥንና ከዓመታት በፊት በእኔ ላይ የሆነውን አጫወትኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ።

እኔ አርሴናል ነኝ። ያስጀመረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1997 ዓ.ም. ሆሳዕና ከተማ፣ በቆርቆሮ የተሠራ አንድ ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ አጠገቡ አስቀምጦኝ ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አርሴናልና ማንችስተር ዩናይትድ 120 ደቂቃ ያለ ጎል ተጫውተው ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ሄዱ። ሌማን የስኮልስን መለሰ፤ ፓትሪክ ቪዬራ የመጨረሻዋን አስቆጠረ፤ ኤፍ ኤ ካፕ የእኛ ሆነ። ወደ ቤት ስንመለስ ወንድሜ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ገና ምን አየህ! ከእንግዲህ በየዓመቱ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም የአርሴናል ደጋፊ በቃሉ ይወጣዋል። በዓመቱ ፓሪስ ላይ በሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በባርሴሎና 2 ለ 1 ተሸነፍን። ክለቡ 60,000 ሰው ወደሚይዘው አዲስ ስታዲየም ገባ፤ ለግንባታው የተበደረውን ዕዳ እየከፈለ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾቹን መሸኘት ጀመረ። ሄንሪ ሄደ፤ ፋብሬጋስ ሄደ፤ ናስሪ ሄደ፤ ቫን ፐርሲ ደግሞ ሄዶ ሄዶ ማንችስተር ዩናይትድ ገባና በዓመቱ ሊጉን በላ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሊግ ካፕ ፍጻሜ በርሚንግሃምን ገጥመን፣ ሊጠናቀቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ተከላካያችን ኮሽየልኒና በረኛችን ሼዝኒ አንዲት ኳስ ላይ ሳይግባቡ ቀርተው ኦባፌሚ ማርቲንስ ባዶ ጎል ላይ አስቆጠረብን። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 8 ለ 2። በቀጣዩ ዓመት በአራተኛ ዲቪዚዮኑ በብራድፎርድ ከሊግ ካፕ ወጣን።

ብሽሽቁን መቼም ታውቁታላችሁ። «እናንተ ዋንጫ ማየት ከፈለጋችሁ ጠጅ ቤት ሂዱ» ይሉን ነበር። እኛ ጴንጤዎቹ ደግሞ ያም በር ዝግ ነው።

ወንድሜ በ2001 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከእኛ አካባቢ በዚያ መንገድ ያልሄደበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ፣ በሞዛምቢክ አድርጎ ደረሰ። የመንገዱን ነገር እስከ ዛሬ ሙሉውን አልነገረንም። ጆሃንስበርግ ዳርቻ ትንሽ ሱቅ ይዞ መሥራት ጀመረ። ሲደውል መጀመሪያ እናታችን ታወራዋለች፤ በስልኩ ውስጥ ትጸልይለታለች፤ ከዚያ ስልኩ ለእኔ ይሰጣል።

«ደህና ነህ ወይ?»
«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»
«ሥራስ?»
«ይመስገን።»

በእኛ ቤት ወንድ ልጅ ቢቸግረውም «ይመስገን» ነው የሚለው። አባታችንም እንዲሁ ነበር። ወሬው እዚህ ላይ ሊያልቅ ሲል ወንድሜ «አርሴስ?» ይላል። ያኔ ድምፁ ይለወጣል። «እኔስ ደከመኝ» ይላል። «ዘንድሮም አልሆነም» ይላል። «እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው?» ይላል። ስለ ሱቁ፣ ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ብቸኝነቱ አንዴም ያልተናገራቸውን ቃላት ስለ አርሴናል ሲሆን በነፃነት ይናገራቸዋል። ሰው ስለ ራሱ «ደክሞኛል» ማለት ሲያቅተው ስለ ቡድኑ ይለዋል።

እንዲህ እያልን ግንቦት 9 ቀን 2006 ዓ.ም. ደረሰ፤ ቅዳሜ ነው። እኔ ያን ጊዜ ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ፣ አርሴናል ከሃል ሲቲ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት። ከግቢው ማዶ ያለው ዲኤስቲቪ ቤት አፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ግማሹ የመጣው ሊደግፍ ነው፣ ግማሹ ስንሸነፍ ሊያይ ነው። ሃል ሲቲ በታሪኩ ለዚህ ዋንጫ ፍጻሜ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። በአራተኛው ደቂቃ አገባብን። በስምንተኛው ደገመን። ሦስተኛዋንም ኪራን ጊብስ ከመስመር ላይ በግንባሩ ባያወጣት አልቆልን ነበር። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከኋላዬ አንዱ «ጠጅ ቤቱ ክፍት ነው!» ብሎ ጮኸ።

በ17ኛው ደቂቃ ሳንቲ ካዞርላ ቅጣት ምት ከሩቅ መትቶ አስገባ። በ71ኛው አንዱን አቻ አደረግን፤ ያስቆጠረው ማን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ከሦስት ዓመት በፊት በበርሚንግሃሙ ፍጻሜ ያ ነገር የደረሰበት ኮሽየልኒ ነው። ጭማሪ ሰዓት ተጀመረ። በ109ኛው ደቂቃ ዢሩ በተረከዙ አቀበለና አሮን ራምሴ ሳያቆም መታት። ራምሴ ከአራት ዓመት በፊት እግሩ ለሁለት ተሰብሮ በቃሬዛ የወጣ ልጅ ነው። 3 ለ 2። ከ1997 እስከ 2006፣ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው፣ 3,283 ቀን።

ፊሽካው ሲነፋ እዘላለሁ ብዬ ነበር፤ ጉልበቴ ግን አልታዘዘኝም። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ የነበረ የማላውቀው ሰውዬ አንገቴን አቅፎ ያለቅሳል። በቴሌቪዥኑ ተጫዋቾቹ አርሴን ቬንገርን ወደ ላይ እየወረወሩ ይቀልቡታል። ስልኬ ጮኸ፤ ወንድሜ ነው። «ሃሎ» አልኩ። መልስ የለም። ኔትወርክ መስሎኝ ወደ ውጭ ወጣሁ። ኔትወርክ አልነበረም። እያለቀሰ ነው። እኔም አላስቻለኝም። በሁለት አገር ላይ ቆመን፣ የሱን ብር እየቆጠረ በሚሄድ ስልክ፣ ያለ ቃል ተላቀስን።

ከዚያ ወንድሜ አፉን ፈታ። «ባለፈው ወር ሱቁን ዘረፉት። ሽጉጥ ይዘው ነው የገቡት። ለእማ እንዳትነግራት» አለኝ። «ከመጣሁ ጀምሮ ይኼ ሦስተኛው ነው። ማታ ማታ እንቅልፍ የለኝም። ደክሞኛል፣ ወንድሜ።» በዚያ ምሽት «ደክሞኛል» ያለው ስለ አርሴናል አልነበረም። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ነገረኝ፤ እኔም ሰማሁት። በአምስት ዓመት ውስጥ ያልተባለው በሃያ ደቂቃ ተባለ።

ገበያ የሚሄዱ እናቶቻችንን አይታችኋል። ሸክም በገመድ ሲታሰር ገመዱ አንድ ቦታ ላይ ከላላ የሚፈታው ያ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ጠቅላላው ይዘረገፋል። ረጅም የተጠበቀ ደስታም እንዲሁ ያደርጋል። ሰውየው ዘጠኝ ዓመት አንቆ የያዘው የኳሱን ተስፋ ብቻ ከሆነ በእልልታ ያልቃል። ከሥሩ ሌላ ነገር ካለ ግን አብሮ ይወጣል። ኒውካስል ላይ ያየናቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ያን ቀን ሲያነሱ የነበሩት የሞቱ አባቶቻቸውንና አያቶቻቸውን ነው። በልጅነታቸው እጃቸውን ይዘው ወደ ስታዲየም የወሰዷቸው እነዚያ ሰዎች ዋንጫውን ሳያዩ አልፈዋል።

«ምንም ያላደረግኩበት ነገር ነው» ላለው ተማሪዬ ደግሞ ስለ አንድ ጥናት ነገርኩት። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተመው ነው። ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲያቸው ቡድን ባሸነፈ ማግስት የዩኒቨርሲቲውን ስም ያለበት ልብስ በብዛት ለብሰው ይገኛሉ። ስለ ጨዋታው ሲጠየቁ ደግሞ ቡድኑ ካሸነፈ «አሸነፍን»፣ ከተሸነፈ «ተሸነፉ» ማለት ይቀናቸዋል። በአማርኛ ልዩነቱ በመጨረሻዋ ፊደል ላይ ነው ያለው፤ እኛን የሚያስገባን ያቺ «ን» ናት። ሰው ወደ ድል መጠጋት ይወዳል፤ ከሽንፈት ደግሞ ስሙን ያወጣል።

እነዚያን የሚያለቅሱትን ሰዎች ግን አስተውሏቸው። ሰባ ዓመት፣ አሥራ ሰባት ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመት «ተሸነፍን» ሲሉ የኖሩ ናቸው። ከ8 ለ 2 በኋላም «ተሸነፉ» ብለው ያቺን «ን» አልጣሏትም። ጎሉን አላስቆጠሩም፤ ኳሱንም አልነኩም፤ ሽንፈቱን ግን ከተጫዋቾቹ እኩል፣ አንዳንዴም ተጫዋቾቹ ወደ ሌላ ክለብ ከሄዱ በኋላ፣ ተሸክመውታል። ስለዚህ «አሸነፍን» ሲሉ ከየት መጡ የሚላቸው የለም። አብሮ የተዋረደ ሰው አብሮ ሲከብር ነውር የለበትም።

ደስታና ለቅሶ አንድ ላይ መምጣታቸውም አዲስ ነገር አይደለም። መጽሐፈ ዕዝራን ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ። ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች የቤተ መቅደሱን መሠረት በጣሉ ቀን ብዙዎች እልል አሉ፤ የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች ደግሞ ጮኸው አለቀሱ። ሕዝቡ የእልልታውን ድምፅ ከለቅሶው መለየት አልቻለም። ማንም ሽማግሌዎቹን «በደስታ ቀን ምን ያስለቅሳችኋል?» ብሎ የገሠጻቸው የለም። ኳስንና ቤተ መቅደስን አንድ ዓይነት ሚዛን ላይ እያስቀመጥኩ አይደለም። የሰው ልብ ግን ያው የሰው ልብ ነው።

ዋንጫ ምን እንደማይችል ደግሞ ያው ሳምንት ያሳያል። እሑድ ጠዋት ወንድሜ ሱቁን ከፈተ፤ ሌቦቹ የገነጠሉት የብረት ፍርግርግ አሁንም በሽቦ እንደታሰረ ነው። እኔም ፈተና ነበረብኝ። ማክሰኞ ላይ የእኛው ደጋፊዎች «ኤፍ ኤ ካፕማ ምን ዋጋ አለው? ሊጉ ነው እንጂ» ማለት ጀምረው ነበር። ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀ ነገር አራት ቀን አልሞላውም። ይህን ያየ ሰው ሕይወቱን ሙሉ በዚያ ላይ አይጥልም። ሆኖም ያ ስልክ የከፈተው በር ተመልሶ አልተዘጋም። ወንድሜ እስካሁን አገሩ አልገባም፤ ሱቁን ግን ወደ ሌላ ሰፈር አዛውሯል፤ ከሁለት የአገር ልጆች ጋርም አብሮ ይሠራል። ዛሬ ሲደውል «ይመስገን» ካለ በኋላ ሌላም ይናገራል። እናታችንም ቢሆን አሁን የምትጸልየው ነገሩን እያወቀች ነው።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ ከነገርኩት በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። «ጨዋታው ሲያልቅ መጀመሪያ ማን ትዝ አለህ?»

ብዙ ዝም አለ። ከዚያ «እህቴ» አለኝ። ታላቅ እህቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ማለፊያውን አላገኘችም። በእነዚያ ዓመታት ከመቶ ተፈታኝ ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ዓይኑን የጣለው በእሱ ላይ ነው። እሱም በዚያው ክረምት ሊፈተን ነው። ቤት ውስጥ ሲቀልዱበት «አንተና ቶተንሃም አንድ ናችሁ፤ ጀምራችሁ አትጨርሱም» ይሉታል። እሱም ይስቃል። «ቲቸር፣ ፈርቻለሁ» አለኝ። እስከዚያ ቀን ፈርቻለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እህቱም አልሰማችም፤ ማታ ቤት ሄዶ ነገራት። የፈተናውን ውጤት እዚህ አልጽፍም፤ የእሱ ነው። ይህን የጻፍኩትም ፈቅዶልኝ ነው።

በጸሎት ሰዓት እንደዚያ አለማልቀሱስ? ያን ቀን ስንጨርስ አብረን ጸለይን። ፍርሃቱን በስሙ ጠርቶ ሲጸልይ ድምፁ ተቆራረጠ። ከዚህ በላይ የምጨምርበት የለኝም።

ወጣቶች፣ በዚህ ዓመትም የአንዳችን ቡድን ዋንጫ ያነሳል፤ የሌላችን ይሸነፋል። ብሽሽቁ አይቅር፣ ጨዋታው ያለ እሱ አይጥምም። ነገር ግን ከጓደኞቻችሁ መካከል ጨዋታው ካለቀ በኋላ ከሚገባው በላይ ያለቀሰ ወይም ከሚገባው በላይ ዝም ያለ ሰው ካያችሁ፣ ከሳቁ ጋር አብራችሁ አትለፉት። ወደ ቤት ስትሄዱ በመንገድ አጠገቡ ሁኑና «ምን ትዝ ብሎህ ነው?» በሉት። ከዚያ እናንተ ዝም በሉ።